ግርሻ፦ ገጹን ለውጦ የሚመለስ ትኩሳት

*በክረምት ደጋ ላይ የሚነሣው የቅማል ትኩሳት ደም ውስጥ እንዴት ይሰወራል? ለቀቀ ከተባለ በኋላ ለምን ይመለሳል? መድኃኒቱስ ከማዳኑ በፊት ለምን ያንዘፈዝፋል?*

ሐምሌ ላይ በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም ደጋ፣ ፀሐይ ብርቅ ናት። ጭጋጉ ከዓባይ ሸለቆ ይነሣና ተረተሩን ይዞ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያኑን፣ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግድም ያሠሩትን የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽ፣ በአካባቢው ያሉትንም የአብነት ተማሪዎች ጎጆዎች ሸፍኖ ይውላል። የታጠበ ልብስ አይደርቅም። እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ውኃ አፍልቶ ልብስ መቀቀል ለእራት የታሰበውን ማገዶ መጨረስ ነው። ተማሪው ያለውን ሁሉ ይደርባል፤ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ጋቢ፣ ያለው ደግሞ የበግ ለምድ። ሌሊት አራትም አምስትም ሆነው ተጠጋግተው ይተኛሉ። በዚህ ብርድ ሙቀት የሚገኘው ከጎን ካለው ሰው ነው።

የልብስ ቅማል የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

እንዲህ ባለ ጎጆ ውስጥ አንዱ ልጅ ድንገት ይወድቃል። ሰውነቱ እሳት ይሆናል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ጉልበቱንና ወገቡን ይቆረጥመዋል። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ላብ በላብ ሆኖ ትኩሳቱ ይለቀዋል። ይበላል፤ ወደ ጉባኤው ይመለሳል፤ አኩፋዳውን አንግቦ ቁራሽ ለመለመን ይወጣል። ሳምንት ያህል ይቆይና እንደገና ይወድቃል። በሽታው በጤና ጣቢያም በመንደርም ግርሻ ይባላል።

ግርሻ ሰው ተጨናንቆ የሚያድርበትንና ቅያሪ ልብስ የሌለበትን ቦታ እየተከተለ የሚኖር በሽታ ነው። የጦር ሰፈር፣ እስር ቤት፣ የቀን ሠራተኞች ማደሪያ፣ ጎዳና፣ የአብነት ትምህርት ቤት። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን በየቦታው በተሰበሰቡት ወታደሮች መካከል ወረርሽኝ ሆኖ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው በሊቢያ በኩል ሜዲትራኒያንን በተሻገሩ ስደተኞች ላይ በኔዘርላንድ፣ በስዊዘርላንድ፣ በጀርመንና በጣሊያን ተገኘ። ብዙዎቹ የአውሮፓ ሐኪሞች በሽታውን በመጽሐፍ ካልሆነ በቀር አይተውት አያውቁም ነበር። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን አውሮፓንና ሰሜን አፍሪካን ያመሰው ይህ ትኩሳት ዛሬ ዋነኛ መኖሪያው ኢትዮጵያና አጎራባቾቿ ናቸው።

ስለ ግርሻ ስናወራ የምናወራው ስለ ቅማሉ ነው። ከቅማሉ ወጥቶ ደም ውስጥ የሚገባው ባክቴሪያ ለቀናት ሳይነካ እንዴት እንደሚራባ፣ ጠፋ ከተባለ በኋላም ከየት እንደሚመጣ ግን ከላቦራቶሪ ውጭ ብዙም አይነገርም። መልሱ ያለው በባክቴሪያው ገጽ ላይ፣ በላዩ በተተከሉት ጥቃቅን ፕሮቲኖች ዘንድ ነው።

ቀን ጠብቆ የሚለቅ፣ ቀን ጠብቆ የሚይዝ

የግርሻ አጀማመር ድንገተኛ ነው፤ ብዙ ታማሚ የያዘውን ሰዓት ሳይቀር ያስታውሳል። ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ። አንዳንዱን ይነስረዋል። የሌላው ዓይን ቢጫ ይሆንና ቤተሰቡ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደዚያው መድኃኒት ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ፅንሱ ሊወርድ ይችላል። ካልታከሙት ከአሥር ታማሚ አንዱን፣ በክፉ ወረርሽኝ ጊዜ እስከ አራቱን ይገድላል። በጊዜው የታከመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ የሚሞተው ከመቶ ከሁለት እስከ አምስት ነው።

ሰውን የሚያሳስተው የአምስተኛው ቀን ነገር ነው። ትኩሳቱ የሚለቀው በራሱ ጊዜ ነውና በዚያ ቀን የተደረገው ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ የተጨመቀለት በዳማከሴው፣ ጠበል የገባው በጠበሉ፣ ወባ ነው ብሎ ከመድኃኒት መደብር ኪኒን የገዛው በኪኒኑ የዳነ ይመስለዋል። ማንም አልዋሸም። ሁሉም ያየውን ነው የሚናገረው። ሲያገረሽበት ደግሞ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ሳይጠነክር ወጣ፣ ብርድ መታው፣ ያልሆነ ምግብ በላ። ታማሚው ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሁለት ሦስት ሳምንት የሚያልፈው በዚህ መሃል ነው።

በመርጡለ ማርያም አገር ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ደጋው ላይ ወባ የለም ቢባልም ቆላው ሩቅ አይደለም። ለሥራ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የሚመለስ ሰው ትኩሳት ይዞ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ልክም ነው። ችግሩ ጥርጣሬው እዚያ ላይ ሲቆም ነው።

ከማይክሮስኮፑ ሥር

ግርሻ የሚታወቀው በጠብታ ደም ነው። ከጣት የተወሰደችው ደም በስላይድ ላይ ወፈር ተደርጋ ትቀባለች፤ ትደርቃለች፤ ጊምሳ ወይም ራይት በሚባለው ማቅለሚያ ትነከራለች። ከዚያ በዘይት ሌንስ ሥር ገብታ በትዕግሥት ትታያለች። በቀይ የደም ሴሎች መካከል እንደ ተጠማዘዘ ቀጭን ክር ሆኖ የሚታየው ቦሬሊያ ሬከረንቲስ ነው፤ የግርሻ ባክቴሪያ። ሳይቀለም በእርጥቡ ያዩት ሰዎች ደግሞ ቀይ ሴሎቹን እየገፋ ሲጠማዘዝ እንደሚታይ ይናገራሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ኦቶ ኦበርማየር በርሊን ውስጥ በወረርሽኝ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ያኔ ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ በደም ውስጥ መታየቱ ራሱ አዲስ ነገር ነበር።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች አንድ ነገር አጥብቀው ይናገራሉ። ትኩሳት ላይ ያለ ታማሚ ደሙ በባክቴሪያው የተሞላ ነው፤ ትኩሳቱ በለቀቀው ሰሞን ግን ያው ደም ቢቀዳ ብዙ ጊዜ አንድም አይታይም። ስለዚህ «ትናንት ይሻለኝ ነበር» ብሎ የቀረ ታማሚ ለምርመራ የሚመቸውን ቀን አሳልፏል ማለት ነው።

የወባ ፈጣን መመርመሪያ ኪት እስከ ጤና ኬላ መድረሱ ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ይህን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ኪቱ የሚያየው የወባን ፕሮቲን ብቻ ነው። በማይክሮስኮፕ ያይ የነበረው ባለሙያ ወባ ሲፈልግ ግርሻንም ያገኝ ነበር፤ ኪቱ ግን «የለም» ካለ ጉዳዩ ተዘጋ። በእኔ እምነት በደጋው ወረዳዎች በክረምት ወባ የለበትም ተብሎ የተመለሰ ትኩሳታም ሁሉ፣ በተለይ ከጎጆ ተማሪዎች መካከል የመጣ ከሆነ፣ የደም ቅብ ሳይታይለት መሸኘት የለበትም።

የሰው ፕሮቲን ለብሶ

ሰው ሲወለድ ይዞት የሚወለደው መከላከያ አለ። ጀርሙን አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ክትባትም አይጠብቅም። ከዚህ መከላከያ ትልቁ ክፍል ኮምፕሊመንት የሚባለው በደም ውስጥ የሚዘዋወር የፕሮቲኖች ስብስብ ነው፤ አብዛኛውን የሚያመርተው ጉበት ነው። ቤልጂጋዊው ዡል ቦርዴ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አሠራሩን መርምሮ እ.ኤ.አ. የ1919ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህና በተያያዙ ሥራዎቹ ነው።

አሠራሩ ፈጣን ነው፤ ግን አይመርጥም። ሲ3 የተባለው ፕሮቲን ያለማቋረጥ በጥቂት በጥቂቱ ይከፈላል፤ ስንጣሪው ያገኘው ገጽ ላይ ይጣበቃል። ገጹ የሰው ይሁን የባክቴሪያ አይጠይቅም። ካልተገታ አንዱ ሌላውን እየሳበ በደቂቃዎች ውስጥ ገጹን ያለብሰዋል። ከዚያ ወዲያ የባክቴሪያው ዕድል ከሁለት አንዱ ነው። ነጭ የደም ሴሎች የተጣበቀበትን ምልክት ይዘው ይውጡታል፤ አለዚያ የመጨረሻዎቹ ፕሮቲኖች ተገጣጥመው ሽፋኑን ይበሱታል።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ የራሳችንን ሴሎች ለምን አይበሳም? ሴሎቻችን የሚያስቆሙት መንገድ ስላላቸው ነው። አንዱ መንገድ ፋክተር ኤች የሚባል በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ፕሮቲን ነው። ፋክተር ኤች የራሳችን ሴሎች ገጽ ላይ ያርፋል፤ የተጣበቀውን ሲ3 እንዲሰበርና ሥራው እንዲቆም ያደርጋል። ፋክተር ኤች ያለበት ገጽ በኮምፕሊመንት ዘንድ የቤተሰብ ነው።

የግርሻ ባክቴሪያ ይህንኑ ፋክተር ኤች ከደማችን ይወስድና ራሱ ይለብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ይህን የሚያደርግበትን የገጽ ፕሮቲን ለይቶ ኤችሲፒኤ ብሎ ሰይሞታል። ፕሮቲኑ የባክቴሪያው ሽፋን ላይ ተተክሎ ፋክተር ኤችን ይይዛል፤ ፋክተር ኤችም ማንን እንደሚጠብቅ ሳያውቅ የለመደውን ሥራ ይሠራል። ያው ኤችሲፒኤ ፕላዝሚኖጅን የተባለ ሌላ የሰው ፕሮቲንም ይይዛል። ፕላዝሚኖጅን ሲነቃ ፕሮቲን ቆራጭ ይሆናል፤ ለባክቴሪያው ደግሞ በሕብረ ሕዋስ ውስጥ መንገድ ይከፍትለታል። ገጹን ሲ3 እንዳይሸፍነውም ያግዘዋል።

> ኮምፕሊመንት ባክቴሪያውን የሚያውቀው በገጹ ነው። ባክቴሪያውም የሚያመልጠው በገጹ ነው።

ለዚህ ሁሉ ዕውቀት የኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ድርሻ ትልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነገርላቸውም። ይህ ባክቴሪያ ለዘመናት በላቦራቶሪ አልራባ ብሎ ተመራማሪዎችን ሲያስቸግር ኖሯል። በብልቃጥ ማሳደግ መቻሉ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን ደሙ የተገኘው ከኢትዮጵያ ነበር። በ2008 ሙሉ ጂኖሙ የተነበበው ኤ1 የተባለው ዝርያም ከኢትዮጵያዊ ታማሚ የተወሰደ ነው። ዛሬ የግርሻን ባክቴሪያ የሚያጠና ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሙ ከማይታወቅ ኢትዮጵያዊ ታማሚ ደም በተገኘ ዝርያ ላይ ነው።

ተሸንፎ የሚመለሰው

ፋክተር ኤች ባክቴሪያውን የሚያቆየው ለቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ሰውነት ሁለተኛውን መከላከያ ያዘጋጃል፤ የባክቴሪያውን ገጽ ለይተው የሚያውቁ አንቲቦዲዎችን። በአምስተኛው ቀን ግድም በብዛት ይደርሳሉ፤ ባክቴሪያው ላይ ተጣብቀው ከደም ያጸዱታል። ላቡ የመጣው፣ ትኩሳቱ የለቀቀው፣ ታማሚው ምግብ ያሰኘው ለዚህ ነው። ሰውነቱ በእርግጥ አሸንፏል።

ያሸነፈው ግን አንዱን ገጽ ነው። የግርሻ ባክቴሪያ ከላይ የሚለብሰው በብዛት ቪኤምፒ የሚባል፣ ስብ የተያያዘበት ፕሮቲን ወይም ሊፖፕሮቲን ነው። ለዚህ ፕሮቲን ብዙ ዓይነት ቅጂ በዘሩ ውስጥ ተቀምጧል። በሥራ ላይ የሚውለው በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ባክቴሪያው ሲራባ አልፎ አልፎ ከተቀመጡት አንዱ ወደ ሥራው ቦታ ይገባና የበፊቱን ይተካል። በሚሊዮን ከሚቆጠሩት መካከል ጥቂቶቹ እንዲህ አዲስ ገጽ ለብሰው ይገኛሉ። አንቲቦዲው የቀድሞውን ገጽ እያሳደደ ሲያጠፋ እነዚህን አያውቃቸውም። ለሳምንት ያህል በጸጥታ ይራባሉ። ከዚያ ትኩሳቱ ይመለሳል።

በአሜሪካ ሞንታና የሚገኘው የሮኪ ማውንቴን ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በመዥገር በሚተላለፈው የግርሻ ዘመድ ላይ ይህን በአይጥ ፈትነውታል። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ሥራ ከአንዲት ባክቴሪያ ብቻ ከተራቡት መካከል 24 የተለያዩ ገጾችን ለይተዋል። የእኛው፣ በቅማል የሚተላለፈው፣ ከዚህ ያነሰ ክምችት ነው ያለው። ጂኖሙ ሲነበብ በመዥገር ከሚተላለፈው ቦሬሊያ ዱቶናይ የተቀነሰ፣ ብዙ ዘር የጣለ ሆኖ ተገኝቷል። የቅማሉ ግርሻ አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ቢበዛ ጥቂት ጊዜ ተመላልሶ፣ እያንዳንዱም ከፊተኛው እየቀለለ የሚሄደው በዚህ ይመስላል።

ይህ ለክትባት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት በአገራችን ይበልጥ የሚፈራውን ሌላ በሽታ ማየት ያስፈልጋል።

ማጅራት ገትር፦ ገጹ ያጋለጠው

ጎጃም ማጅራት ገትርን ያውቀዋል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ነን። በበጋው ደረቅ ወራት የሚነሣው ወረርሽኝ የብዙ ቤት ልጅ ወስዷል፤ ከተረፉትም መስማት የተሳናቸው አሉ።

የማጅራት ገትር ባክቴሪያም ፋክተር ኤችን ይሰርቃል፤ ለዚሁ የተለየ የገጽ ፕሮቲን አለው። ከዚያ በላይ ግን ካፕሱል የሚባል ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ ወፍራም ልባስ አለው። ሲ3 ቢጣበቅም ነጭ የደም ሴል ከልባሱ ሥር ያለውን ምልክት መጨበጥ ያቅተዋል። የልባስን ኃይል ፍሬድሪክ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1928 በሳንባ ምች ባክቴሪያ ላይ ባደረገው ዝነኛ ሙከራ አሳይቷል፤ ልባስ ያላቸው አይጦቹን ሲገድሉ ልባሳቸውን ያጡት ምንም አላደረጉም።

የማጅራት ገትር «ኤ» ዝርያ ልባስ ግን እንደ ግርሻ አይለዋወጥም። ይኸው ነው ያጋለጠው። ያንኑ ስኳር ከፕሮቲን ጋር አያይዘው የሠሩት ሜንአፍሪቫክ የተባለው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ በቡርኪና ፋሶ ተጀመረ። ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ ከ2013 እስከ 2015 በሦስት ዙር ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ተሰጠ። ብዙ አንባቢ ክንዱን የሰጠበትን ቀን ያስታውስ ይሆናል። ከ2017 ወዲህ በመላው ቀበቶ በምርመራ የተረጋገጠ የ«ኤ» ዝርያ ታማሚ አልተገኘም። ሌሎቹ ዝርያዎች አሁንም አሉ፤ የ«ቢ» ልባስ ደግሞ በራሳችን የነርቭ ሴሎች ላይ ካለው ስኳር ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ ሰውነት እንደ ባዕድ አያየውም፤ ለእርሱ ክትባት ለመሥራት በሌላ መንገድ መሄድ ግድ ሆኗል።

ግርሻ ዘንድ ግን አንድ ቋሚ ገጽ የለም። ክትባትም የለም።

መርፌው ከተወጋ በኋላ

ግርሻ በአንድ ጊዜ መድኃኒት ይድናል። ፔኒሲሊን በመርፌ፣ ወይም ቴትራሳይክሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን በኪኒን። ውድ አይደሉም፤ በየጤና ጣቢያው ይገኛሉ። ይህ ዜና መልካም ብቻ በሆነ!

መድኃኒቱ በተሰጠ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ታማሚው ይብስበታል። መንዘፍዘፍ ይጀምረዋል፤ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ። ትኩሳቱ ከነበረበት ይወጣል፤ ልቡ ይመታል፤ ይቃዣል። ቀጥሎ ትኩሳቱ ሲወርድ የደም ግፊቱም አብሮ ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ ከአልጋ ተነሥቶ ወደ ሽንት ቤት ልሂድ ያለ ታማሚ እዚያው ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ሐኪሞች ይህን በሁለት ሰዎች ስም ያሪሽ-ሄርክስሃይመር ምላሽ ይሉታል። ሁለቱ ያዩት በቂጥኝ ሕክምና ላይ ነበር። እንደ ግርሻ የሚበረታበት በሽታ ግን የለም።

ይህን ምላሽ ለዓለም በደንብ ያስረዱት ጥናቶች የተሠሩት አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ብራይሰን፣ ፓሪ፣ ዋረልና ባልደረቦቻቸው 62 ኢትዮጵያውያን ታማሚዎችን ተከታትለው የጻፉት ሥራ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በ1996 ደግሞ ዶክተር ዳንኤል ፈቃደ ከኦክስፎርድ ሰዎች ጋር ሆነው ያሳተሙት ጥናት የምላሹን አንቀሳቃሽ በቀጥታ ፈተነ። ባክቴሪያው ሲፈራርስ ነጭ የደም ሴሎች ቲኤንኤፍ የሚባል የማንቂያ ፕሮቲን በብዛት ይለቃሉ። ተመራማሪዎቹ ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚይዝ አንቲቦዲ ሰጡ። ካልተሰጣቸው ታማሚዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ሲንዘፈዘፉ ከተሰጣቸው ግን ግማሹ ብቻ ምላሹ መጣባቸው።

ቲኤንኤፍን ያን ያህል የሚያስለቅቀው የባክቴሪያው ክፍል የቱ ነው? ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ መልሱ ወጣ። ቪኤምፒ ነው። ባክቴሪያው ከአንቲቦዲ ለማምለጥ የሚለዋውጠው ያው ሊፖፕሮቲን። አንቲቦዲ የሚያውቀው የላይኛው ክፍሉ ይለዋወጣል፤ ነጭ የደም ሴሎች የሚያውቁት ስቡ የተያያዘበት ሥር ግን አይለወጥም። ባክቴሪያው እያለ በቁጥብ የሚሰማው ማንቂያ፣ ፔኒሲሊን ሚሊዮኖቹን በአንድ ጊዜ ሲሰባብራቸው ደሙን ያጥለቀልቀዋል።

> የሚሰውረው ፕሮቲንና የሚያንዘፈዝፈው ፕሮቲን አንድ ናቸው።

ለገጠር ጤና ጣቢያ የቲኤንኤፍ አንቲቦዲ የሚደርስ ነገር አይደለም። ያለው መፍትሔ ሰው ነው፤ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው። ልምድ ያላቸው የጤና መኮንኖችና ነርሶች የሚሉት አንድ ነው፤ መርፌውን ወግተህ «በል ወደ ቤትህ» ማለት አይቻልም። ታማሚው ተኝቶ ይቆይ፣ የደም ግፊቱ ይለካ፣ የደም ሥር ፈሳሽ በቅርብ ይሁን፣ እስከ ማግሥቱ ብቻውን አይነሣ።

ሌላው የሚሉት ከመርፌው በፊት ስለሚነገረው ቃል ነው። ቤተሰብ ሳይነገረው ልጁ ሲንዘፈዘፍ ካየ የሚይዘው አንድ ነገር ነው፤ «መርፌው ጎዳው»። ይህ ወሬ ከጤና ጣቢያው ደጅ ወጥቶ በአንድ ገበያ ቀን ቀበሌውን ያዳርሳል። የሚቀጥለው ታማሚ አይመጣም። «አሁን ይብስበታል፤ እኛም አጠገቡ ነን፤ ማታ ይለቀዋል» ብሎ አስቀድሞ መናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በእኔ ግምት ከመድኃኒቱ እኩል የሕክምናው ክፍል ነው፤ በሥልጠናም እንዲሁ ሊሰጥ ይገባዋል።

በስፌቱ ውስጥ

ባክቴሪያው ከሰውና ከልብስ ቅማል በቀር ሌላ ማደሪያ የለውም። ከብት ውስጥ የለም፤ አይጥ ውስጥ የለም፤ ከቅማል ወደ ቅጫምም አይተላለፍም። ቅማሏ ታማሚውን ስትመጥ ትወስደዋለች፤ በሰውነቷ ፈሳሽ ውስጥ ይራባል፤ እስክትሞት ይዛው ትኖራለች። ሻርል ኒኮልና ባልደረቦቹ በቱኒስ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብለው እንዳሳዩት ደግሞ ሰውን የሚይዘው ቅማሏ ስትፈጭ ነው። በጥፍር ስትደፈጠጥ፣ በጥርስ ስትሰበር፣ ሲታከኩባት ስትጨፈለቅ ፈሳሹ በተጫረ ቆዳ ወይም በዓይንና በአፍ ይገባል። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እርስ በርስ መቃመል የፍቅርና የወንድማማችነት ሥራ ነው። በጥፍር መግደሉ ግን በሽታው የሚገባበት በር ነው።

ቅማል የሚያተኩስ ሰው ገላ አይስማማትም። ትኩሳቱ ሲበረታ ትለቅና አጠገብ የተኛውን ትፈልጋለች። በአንድ ጎጆ አንዱ ሲታመም ሌሎቹ ተከታትለው የሚወድቁት በዚህ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ አባቶች ስለ ቅማል ሲያወሩ ከረኃቡና ከውሻው ጋር ከጽናት ፈተናዎች እንደ አንዱ ያነሡታል። ቅኔ የዘረፉበትን ዘመን በክብር ማስታወሳቸው የሚገባ ነው። ዛሬ ያሉ መምህራን ግን የታመመ ልጅ ለብቻው እንዲተኛ የሚያደርጉ፣ ምእመናንን ለሳሙና የሚጠይቁ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ራሳቸው የሚጠሩ እየበዙ ነው። የኔታ «ልብሳችሁን ቀቅሉ» ካሉ ተማሪው ያደርገዋል፤ የጤና ባለሙያ አሥር ጊዜ ቢመክር የኔታን አያህልም። ወረዳው ዘመቻ ሲያቅድ መጀመሪያ ማማከር ያለበት እርሳቸውን ነው።

ማገዶ ላለው ሥራው ቀላል ነው፤ ልብስና ጋቢውን በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ወይም ቅጫሙ የተደረደረበትን ስፌት በጋለ ካውያ መተኮስ። ለምድ ግን አይቀቀልም። ማገዶ ለሌለውም፣ ለምድ ላለውም ሌላ መንገድ አለ። የልብስ ቅማል የሰው ደም ካጣች ሳምንት አትቆይም፤ ቅጫሙም ቢፈለፈል የሚመጠው አያገኝም። ልብሱና ለምዱ በላስቲክ ከረጢት ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ሁለት ሳምንት ከተቀመጠ ያለ እሳት ይጸዳል። ለዚህ ተማሪው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሚለብሰው ሌላ ልብስና የሚደርበው ሌላ ጋቢ ያስፈልገዋል፤ በጎጆውም ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን ሊጀምሩ ይገባል። በየዓመቱ ለጉባኤ ቤቶች እህልና ገንዘብ የሚያሰባስቡ ማኅበራትና በከተማ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ጋቢና ሁለት ከረጢት ቢጨምሩ፣ ሰኔ ሳይገባ ቢያደርሱት፣ በዚያ ክረምት የሚታመመው ልጅ ቁጥር ይቀንሳል።